ምርቱ የማይወራለት እርሻ

ሰሞኑን አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቶኛል። ቤት ስሆን ደጁ ይጠራኛል፣ ደጅ ስወጣ ደግሞ ምድጃ ላይ ጥጄ የረሳሁት ነገር ያለ ይመስለኛል። ጎረቤቶቼ በልጄ ስም እየጠሩ "ማማ ዘይነብ፣ ምነው እግርሽ አላርፍ አለ?" ይሉኛል። ስኳሬ ነው እላቸዋለሁ፤ በዚህ ዕድሜ ሁሉንም ነገር በስኳር ማሳበብ ይቻላል። ዛሬ ጠዋትም እንዲሁ ያለ ጉዳይ ወጥቼ፣ ከማደያው ፊት ለፊት ቦዳ ቦዳ የሚባሉት ሞተር ብስክሌቶች ተደርድረው ተሳፋሪ ከሚጠብቁበት ጥግ ስደርስ፣ የበቆሎ እሸት ጥብስ ሽታ ቀጥ አድርጎ አቆመኝ። ጠባሿ "የኦዳ ነው ማማ፣ ገና ማለዳ የተቆረጠ" አለችኝ። ገዛሁ፤ ግን አንድ ረድፍ እንኳ ፈልፍዬ ሳልጨርስ ተውኩት። በቆሎውን በለበስኩት ጨርቅ፣ በሌሶዬ ጫፍ ጠቅልዬ ቆምኩ። መንገዱ፣ ሞተሩ፣ የጭነት መኪናው ጩኸት ሁሉ ወደ ኋላ ሸሸና እኔ ሙሽራ ሆኜ ከከተማው ወጣ ባለችው የእርሻ ቦታ፣ በኦዳ አውድማ ላይ የቆምኩባት ቀን ፊቴ ላይ ድቅን አለች።

የዛሬው ሞያሌ ሞያሌ አይመስለኝም። አስፋልቱ እስከ ናይሮቢ ተዘርግቷል፣ ፎቁ በፎቅ ላይ ወጥቷል፣ ልጆቹ ገንዘብ በስልክ ይላላካሉ። እኔ የማውቀው ሞያሌ አቧራ ነው። ወደ ኢሲዮሎ የሚሄድ ሰው ከብት በጫነ ሎሪ ጣሪያ ላይ ተንጠልጥሎ ይሄድና ሲመለስ እናቱም አታውቀውም፤ ቅንድቡ ሳይቀር ቀይ ሆኖ ይመጣል። አባቴ በኢትዮጵያ በኩል ተወልደው በኬንያ በኩል የከበሩ፣ ከዚያም መልሰው የደኸዩ የጨርቅ ነጋዴ ነበሩ። ዱካችን፣ ሱቃችን ማለቴ ነው፣ ከድሮው ኬላ ወረድ ብሎ፣ ቆርቆሮው ከሩቅ የሚያብለጨልጭ አንዲት ክፍል ነበረች። በአንድ ሽልንግ እፍኝ ሙሉ ማንዳዚ፣ በዘይት የተጠበሰ ሊጥ፣ ይገኝ ነበር። ስኳር በሾጣጣ ወረቀት ተጠቅልሎ ይሸጣል፣ ሌሶ ከሞምባሳ ሲመጣ ገና ቦንዳው ሳይፈታ ሴቶቹ ሰልፍ ይይዙ ነበር። ወጣቶቹ ከጉልበት በታች የሚሰፋ ሱሪ ለብሰው፣ ጸጉራቸውን አጎፍረው፣ የባትሪ ራዲዮ በትከሻቸው ተሸክመው ከኬላው እስከ መስጊዱ ይመላለሳሉ። ራዲዮው ወዲህ ሲዞር በስዋሂሊ፣ ወዲያ ሲዞር በአማርኛ ይዘፍናል። እኛ ሴቶቹ የሁለቱንም ግጥም በቃላችን እናውቅ ነበር፤ ትርጉሙን ግን ማን ያውቃል።

ጉዮ ከነዚያ ሱሪ ጎታቾች አንዱ አልነበረም። ሽርጥ አገልድሞ፣ ጎማ ጫማ አድርጎ ይመጣና የጨርቁን ጫፍ በጣቱ ዳሰስ አድርጎ "ይህ ይጠነክራል?" ይል ነበር። ሌላ ወሬ የለውም። አባቴ "ይሄ ልጅ ምላሱን ቤቱ ረስቶ ነው የሚመጣው" እያሉ ይስቁበት ነበር። እኔ ግን ወደድኩት፤ ወሬኛ ቤት ስላደግሁ ይሆናል። እኛ ቤት ዋጋ ይጠራል፣ ይካካዳል፣ ይማላል፣ ጎረቤት የሸጠውና ያተረፈው ከእራት ጋር ይበላል። ጉዮ ከመጣ ግን ዱካው ጸጥ ይላል። ሽማግሌ ላከ፣ አባቴ አንገራገሩ፣ እኔ አኮረፍኩ፣ መጨረሻ ላይ ተዳርኩ። ከከተማ ወጥቼ ኦዳ የገባሁት በአህያ ጋሪ ላይ ተቀምጬ፣ እግሬ ላይ ሂና ተቀብቼ፣ እርሻ ምን እንደሆነ ሳላውቅ ነበር።

የመጀመሪያው አዝመራ ሲደርስ አውድማው ላይ ቆሜ ነበር። በቆሎው ተሸልቅቆ ተከምሯል፣ ባቄላው በዱላ እየተወቃ ነው፣ ሽታው ያሰክራል። ደስ ብሎኝ፣ የነጋዴ ልጅ አይደለሁ፣ ጮክ ብዬ "ስንት ጆንያ ይሆናል?" አልኩ። የባለቤቴ እናት ከየት እንደመጡ ሳላያቸው መዳፋቸውን አፌ ላይ ገጠሙት። መዳፋቸው ገለባ ገለባ ይላል። "ልጄ፣ ይህ ከብት ቢሆን ትቆጥሪው ነበር?" አሉኝ በኦሮምኛ። "የሰጠ ጌታ ያውቀዋል። አንቺ ብዪ፣ ዝም በዪ።" በዚህ አገር ከብት አይቆጠርም፣ የምርት መጠንም በአፍ አይወጣም። ዓይን ይይዘዋል፣ በረከቱ ይሄዳል ይባላል። ምርቱ ከአውድማ ወደ ቤት የሚገባው ፀሐይ ስትጠልቅ፣ መንገዱ ጭር ሲል ነው። ሰው ቢጠይቅ መልሱ አንድ ነው፤ "ምንም የለም፣ አልሐምዱሊላህ።" የሚጠይቀውም ያውቃል፣ የሚመልሰውም ያውቃል፣ ማንም አይዋሽም፣ ማንም አይታለልም። ለመልመድ ስንት ጊዜ ምላሴን እንደነከስኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

በኋላ የመጡት ዓመታት ደግሞ ይህን ልማድ አጠነከሩት። ዝናብ ጠፋ፣ በኢትዮጵያ በኩል መንግሥት ተለወጠ፣ ዋልዳ ላይ የስደተኞች ካምፕ ተተክሎ ዘመዶቻችን ሸራ ውስጥ አደሩ። የእርዳታ በቆሎ በሎሪ ይመጣ ጀመር። የሚያድለው ሰው ደብተር ይዞ ሲመጣ "አላችሁ?" ይላል፤ ያለው ሰው ያለኝ ነገር አለ ካለ ይቀርበታል። እንዲህ ሆነና "ምንም የለም" ማለት መጀመሪያ የእምነት ነበር፣ ቀጥሎ የሆድም ሆነ። ልጃችን ፊትም አናወራም ነበር። ልጅ አፉ አይዘጋማ። ዘይነብ፣ አንዲቷ ልጃችን፣ ናይሮቢ ድረስ ሄዳ ነርስነት ስትማር ክፍያዋ ከተማ ተመልሰን ከምንኖርበት፣ ከአባቴ ከወረስኩት ዱካ የሚወጣ ይመስላት ነበር። ዱካውማ በዚያ ጊዜ ከክብሪትና ከሳሙና በቀር መደርደሪያው ላይ አቧራ ነበር የሚሸጠው። የከፈለው ኦዳ ነው። ጉዮ ደግሞ ከዚያ ሁሉ መሬት አንዲት ጥግ፣ ከመንገዱ ጋር የምትዋሰነውን፣ ሳያርስ ይተዋት ነበር። "የዘይነብ ቤት እዚህ ላይ ይቆማል" ያለኝ ልጅቷ ገና ጥርሷን እየነቀለች ሳለች ነው። ለእሷ እንዳልነግራት አስጠነቀቀኝ። ያልሆነን ነገር መናገርም እንደ ምርት ነው፣ ዓይን ይይዘዋል አለ። እንዳለው አልነገርኳትም።

ዛሬ ዘይነብ የካውንቲው ጤና ጣቢያ ነርስ ናት፣ የሦስት ልጆች እናት፣ የምትኖረው በኪራይ ቤት። ያ ቤት ሲዘንብ ልጆቹን አልጋ ላይ ሰብስባ የምትቀመጥበት ቤት ነው። ድሮ ዲሲ የሚባል አንድ ሹም ነበር፣ ሁሉም ነገር ከእሱ ጀምሮ እሱ ላይ ያልቃል። አሁን ካውንቲ የሚባል አስተዳደር አለ፣ ባጀት አለ፣ ምክር ቤት አለ፣ ባራዛ የሚሉት የሕዝብ ስብሰባ አለ፤ ውሳኔ ሁሉ "ሕዝቡ ይናገር" ይባልበታል። ባለፈው ጊዜ የካውንቲው ሠራተኞች ሥራ አቆሙ። ዘይነብ ወኪላቸው ሆና ከፊት ቆመች። ጭቅጭቁ ረዘመ፣ መጨረሻ ላይ ተስማሙ፤ ደሞዝ በወቅቱ ይከፈላል፣ ለሠራተኞችም መኖሪያ ቤት ይሠራል የሚል ውል ተፈራረሙ። የዚያን ቀን ዘይነብ ቤታችን እየሮጠች መጥታ "እማ፣ ከመጀመሪያዎቹ ቤቶች አንዱ የኔ ነው!" ብላ አቀፈችኝ። አለቀሰችም። እኔም አለቀስኩ። ጉዮ ወደ ኦዳ አቅጣጫ አየት አድርጎ ፈገግ አለ፤ የሱ ሐሳብ ሌላ እንደሆነ ገባኝ።

ነገሩ የተበላሸው ከዚያ በፊት፣ ማንም ሳያውቅ ነበር። ሁለት ወጣቶች ታብሌት ይዘው ኦዳን ማሳ ለማሳ ዞረውት ነበር። ያኔ ደረቅ ወቅት ነው፣ መሬቱ ላይ ገለባ እንኳ የለም። የኛ ማሳ አጥር ጋ ደርሰው "ሙዜ፣ ሻምባው ምን ይሰጣል?" ብለው ሽማግሌውን ስለ እርሻው ሲጠይቁት እኔ ከአጥሩ ውስጥ ነበርኩ፣ ድምፃቸው ይሰማኛል። ጉዮ በሕይወቱ ሙሉ የመለሰውን መለሰ። "ሃኩና ኪቱ።" ምንም የለም። ጎረቤቱም እንዲሁ፣ የጎረቤቱም ጎረቤት። እርዳታ ሊሰጡ ነው የመጡት ብሎ የገመተም ነበር። ወጣቶቹ ከሌላ ቦታ የመጡ ናቸው፤ የተነገራቸውን አምነው ታብሌቱ ላይ ነካ ነካ አድርገው፣ ውሃ ጠጥተው ሄዱ።

ከዚያ ባለፈው ሳምንት ድምፅ ማጉያ የተሰቀለበት መኪና "የባጀት ባራዛ! ኑ! ሐሳባችሁን ስጡ!" እያለ ከተማውን ዞረ። ዘይነብ የባጀቱን ወረቀት አስቀድማ አግኝታ ይዛልን መጣች። ደስ ብሏታል። "ቦታውም ተገኘ" አለች። "ኦዳ ላይ ነው። ያልታረሰ መሬት ተብሎ ተመዝግቧል። አባ፣ ጎረቤት ልንሆን ነው!" እኛ ቤት ስታድግ እርሻው ቁራጭ ጓሮ፣ የአባቷ መጫወቻ ይመስላት ነበር። ወረቀቱ ላይ ካርታ አለ፣ ካርታው ላይ ደግሞ የኛም የጎረቤቶቻችንም መሬት በአንድ ቀለም ተቀብቷል። ለመሬቱ የምናሳየው ወረቀት የለንም፤ ከአባት ወደ ልጅ የመጣ ነው፣ በሕግ ካውንቲው ነው በአደራ የያዘው። ጉዮ ወረቀቱን አይቶ መለሰላትና ተነስቶ ወጣ። ያን ሌሊት እሱም አልተኛም፣ እኔም አልተኛሁም። "ንገራት" አልኩት። "ምኑን?" አለኝ። ምኑን እንደሆነ አጥቶት አይደለም።

የባራዛው ቀን አዳራሹ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ነበር። በአንድ በኩል ሠራተኞቹ፣ በሌላ በኩል የኦዳ ሰዎች፣ ሽማግሌዎቹ ዱላቸው ላይ አገጫቸውን አስደግፈው። መድረኩ ላይ ከካውንቲው የመጣ ኮት የለበሰ ሰብሳቢ ተቀምጧል፣ ጨዋ ሰው ነው፣ አማርኛውም ከኦሮምኛውና ከስዋሂሊው ጋር እኩል ይሮጣል። የቀኑ ጉዳይ ሁለት ነበር፤ የሠራተኞቹ ቤት ባጀትና አዲስ የእርሻ መሬት ጥበቃ ደንብ። "የሚታረስ መሬት በደንቡ ይጠበቃል" አለ ሰብሳቢው። "ያልታረሰው ለልማት ይውላል። ኦዳ ያልታረሰ ነው፣ ስለዚህ ለቤቱ ተመድቧል።"

የኦዳ ሰዎች ተንጫጩ። "ታርሷል!" አለ አንዱ ከኋላ።

"ራሳችሁ አይደላችሁም እንዴ የተናገራችሁት?" አለ ሰብሳቢው ወረቀቱን እያገላበጠ። "ሁላችሁም ምንም የለም ብላችኋል። ፖሌ፣ አዝናለሁ፣ እኔ ከዚህ የምጨምረው የለኝም። ታርሷል የሚል ሰው ካለ ይነሳ፣ ከመሬቱ ምን ያህል እንደሚያገኝ ይናገር፣ አስመዘግባለሁ።"

ጸጥ አለ። ይህን ጸጥታ አውቀዋለሁ። ሽማግሌዎቹ አንዱ አንዱን ያያል፤ መሬቱ እየሄደ ነው፣ አፉ ግን አይከፈትም። በሰው ሁሉ ፊት ተነስቶ እንዲህ ያህል አገኛለሁ ማለት ለእነሱ ልብስ አውልቆ እንደ መቆም ነው። ጉዮን አየሁት፤ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎታል። እኔ ግን የነጋዴ ልጅ ነኝ። ይህን ሁሉ ዓመት የነከስኩት ምላሴ አበጠብኝ። ተነሳሁ። ጉዮ የሌሶዬን ጫፍ ያዘ፣ አስለቀቅሁት።

"ውሸት ነው!" አልኩ። "ምንም የለም ማለታችን ውሸት ነው። ያ መሬት ይሰጣል፣ ያጠግባል፣ ከሱ ተርፎም ይሸጣል። ዘይነብ! አንቺን ናይሮቢ ድረስ ልኮ ያስተማረሽ ዱካው ይመስልሻል? ዱካው የጨው መግዣ አልነበረውም። ያ ሻምባ ነው ያስተማረሽ!"

ልጄ ከሠራተኞቹ መካከል ተነሳች። የስምምነቱን ወረቀት ይዛለች። "ምን አልሽ እማ?"

"የሰማሽውን ነው።"

እኔን ማየት ትታ ወደ አባቷ ዞረች። "አባ?"

ጉዮ በዱላው ተደግፎ ቀስ ብሎ ተነሳ። ሰው ሁሉ አየው። "እውነቷን ነው" አለ። ከእሱ አፍ ይህ መውጣቱ ራሱ ጉድ ነው። አጠገቡ የተቀመጡት ሽማግሌ ከንፈራቸውን ነከሱ፣ ቆይተው እሳቸውም ተነሱ። "የኔም ይሰጣል" አሉ። ከዚያ ሌላው። ከዚያ ሌላው። ግድቡ ፈረሰ። መጨረሻ ላይማ "የኔ ከሁላችሁም ይበልጣል!" የሚል ተነስቶ አዳራሹ በሳቅ ተናጋ።

ዘይነብ አልሳቀችም። ሳቁ እስኪበርድ ቆመች፣ ከዚያ ወደ መድረኩ ዞረች። "ስምምነታችን ቤት ይሠራል ይላል እንጂ ኦዳ ላይ አይልም" አለች። "ሌላ ቦታ ይፈለግ።" ከጀርባዋ ሠራተኞቹ አጉረመረሙ። አንዷ ጓደኛዋ "እስከሚቀጥለው ባጀት ልንጠብቅ ነው? አንቺ ልጆችሽን ምን ልታደርጊ ነው?" ስትላት ሰማሁ። ዘይነብ "እጠብቃለሁ" አለቻት። ፊቷ ግን ጠቁሯል።

ሰብሳቢው ደንቡን አንድ በአንድ አስረዳ። መሬቱ በጥበቃ ሥር ከገባ ይታረሳል እንጂ ምንም አይሠራበትም። ሱቅም፣ ፋብሪካም፣ ቤትም።

ጉዮ እንደገና ተነሳ። "ባለቤቱ ራሱ ቢሠራስ? ጥግ ላይ፣ አንዲት ቤት?"

"አይቻልም ሙዜ" አለ ሰብሳቢው በትሕትና። "ለአንዱ ከተፈቀደ ለሁሉም ነው፣ መሬቱ ያልቃል። የሳር ጎጆም ቢሆን አይቻልም።"

ጉዮ ተቀመጠ። ዘይነብ ጥያቄው የአባቷ የተለመደ ጠንቃቃነት መስሏት ነበር፣ ዞራ እንኳ አላየችውም። ሰብሳቢው "ይጠበቅ የምትሉ እጅ አውጡ" አለ። ከአዳራሹ ሁሉ በመጀመሪያ የወጣችው እጅ የልጄ እጅ ናት። ክንዷን እስከ መጨረሻው ዘርግታ፣ አባቷን እያየች፣ ዓይኗ እንባ ሞልቶ። እንደ ይቅርታ ነበር፤ እንዲህ ያለ መሬት አሳልፌ ልሰጥባችሁ ነበር እያለችው ነበር። ያቺ እጅ ግን አባቷ ከልጅነቷ ጀምሮ ሳያርስ የጠበቀላትን ቤት እያፈረሰች እንደሆነ የምናውቀው ሁለታችን ብቻ ነበርን። ከጎኗ ሌላ እጅ ወጣ፣ ከዚያ ሌላ፣ አዳራሹ ሙሉ እጅ ሆነ። እኔም አወጣሁ። ምን ላድርግ፣ ቤቱ ገና ሐሳብ ነው፣ መሬቱ ግን አለ። ሳወጣ ክንዴ ከበደኝ። ጉዮ ብቻ አላወጣም። ሁለት እጁን ዱላው ላይ አነባብሮ እንደተቀመጠ ቀረ።

አለፈ፤ ኦዳ ተጠበቀ። ከአዳራሹ ስንወጣ የኦዳ ሰዎች እየተሳሳቁ ጨበጡን፣ "ማማ ዘይነብ፣ አፍሽ ዛሬ በቆሎ ወቃ" አሉኝ። ከሠራተኞቹ አንዳንዶቹ ግን ልጄን ሳይሰናበቷት አለፉ። እኛ ቤት አብራን መጣች። ቤት እስክንደርስ እኔ ስለ አቧራው፣ ስለ ሙቀቱ እቀባጥር ነበር፤ ዝም ካልኩ የማወጣው ነገር አለ ብዬ ስለፈራሁ።

ጉዮ በረንዳው ላይ ተቀመጠ። ዘይነብ ሻይ አፍልታ አቀረበችለትና አጠገቡ በርጩማ ስባ ተቀመጠች።

"አባ፣ እጅህን ለምን አላወጣህም? መሬትህ አይደለም እንዴ?"

ጉዮ ሻዩን አየው። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር፣ አየኝ። ንገራት ብዬ በዓይኔ ለመንኩት፣ ወዲያው ደግሞ አትንገራት ብዬ ለመንኩት። ብትሰማ ያን እጅ መቼም አትረሳውም።

"ትከሻዬን አሞኝ ነው" አላት። "ክንዴ አልነሳ አለኝ።"

"ታዲያ እስከ ዛሬ ዝም ትላለህ?" ብላ ተቆጣችው። ቦርሳዋን ከፈተች፣ ለታማሚዎቿ የምትይዘውን ቅባት አወጣች። ሸሚዙን ከትከሻው ላይ ገለጥ አደረገች፣ መዳፏን በቅባቱ አሸች፣ ነርስ እንደምታደርገው በአውራ ጣቷ ቀስ እያለች ፈለገች።

"እዚህ ነው የሚያምህ?"

"እዚያ ነው" አላት ጉዮ፣ ዓይኑን ጨፍኖ።